ካርቱምና አዲስ አበባ፦ ለትርዒት ሳይሆን ለእንጀራ የቆዩት አሮጌ መኪኖች

የሱዳን ጦር በአውሮፓውያኑ የካቲት 2025 መጀመሪያ ላይ፣ በካርቱም ባሕሪ የሚገኘውን የካፉሪ ሰፈር ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል (አርኤስኤፍ) መልሶ መቆጣጠሩን አስታወቀ። ካፉሪ ስሙን ያገኘው በቅኝ አገዛዝ ዘመን በስፍራው ሰፊ የእርሻ መሬት ከነበረው ዓዚዝ ካፉሪ ከተባለ ከሌቫንት የመጣ ነጋዴ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሰፋፊ ግቢና ረዣዥም አጥር ያላቸው ቤቶች የሚበዙበት፣ ከመዲናዋ የባለጸጋ ሰፈሮች አንዱ ነበር። በ2019 ከሥልጣን የተወገዱት የቀድሞው ፕሬዝዳንት ዖማር አል ባሽር ቤተሰቦችም በዚያው ይኖሩ ነበር።

ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሲቀሰቀስ የነዳጅ ዋጋ በቀናት ውስጥ ናረ፤ የአውቶቡስ ቲኬት ብዙ ቤተሰብ ሊከፍለው የማይችለው ሆነ። ነዳጅ ያገኘ ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን ጭኖ ወደ ወዲ ሃልፋ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ወይም በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ አቀና። ያላገኘው መኪናውን በግቢው አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ወጣ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መመለስ ሲጀመር ከቁልፎቹ ብዙዎቹ የሚከፍቱት መኪና አልነበረም።

መኪና በካርቱም ከተካሄደው መጠነ ሰፊ ዘረፋ ዋነኛ ዒላማዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ለበረሃ ውጊያ የሚመቹት ፒክአፖችና ላንድ ክሩዘሮች ለጦርነቱ ዋሉ፤ ሌሎች ወደ ምዕራብ ሱዳን ተነድተው ከፊሎቹ ድንበር ተሻገሩ። ያልተነዱት ደግሞ በየመንገዱ ጎማቸው ተፈቶ፣ ሞተራቸው ወጥቶ ወይም ተቃጥለው ቀሩ። ለውጊያ የማይሆን የሃምሳ ዓመት መኪና እንኳ ባትሪው፣ መዳቡና ብረቱ ዋጋ አለው።

ዛሬ በካይሮ፣ በአዲስ አበባ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚገኙ ሱዳናውያን በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚቀባበሏቸው የድሮዋ ካርቱም ፎቶግራፎች መካከል መኪና ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። በናይል ዳርቻ ዛፎች ጥላ ሥር የቆመ የእንግሊዝ ሥሪት የቤት መኪና፣ በገበያ መካከል የሚያልፍ ቢጫ ታክሲ፣ በሰውና በጆንያ የተሞላ ቤድፎርድ ሎሪ ይታያሉ። ሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ትዝታ አደባባይ አለው፤ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ የሚካሄድ የአሮጌ መኪኖች ትርዒት።

ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ግን የማይሠራ

ከእነዚህ ትርዒቶች በዕድሜ አንጋፋው በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከለንደን ወደ ብራይተን የሚደረገው ጉዞ ነው። መነሻው በ1896 የተካሄደ ጉዞ ሲሆን የሚሳተፉትም ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖች ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች የሚካሄደው የውበት ውድድር ደግሞ በ1950 የተጀመረ ነው። በዚያ ዳኞች በሞተር ክፍል ውስጥ ያለችን የቡሎን ዓይነት ሳይቀር ይመረምራሉ። በየከተማው ከሚዘጋጁት ከእነዚህ ያነሱ ትርዒቶች የአብዛኞቹ መልክ ተመሳሳይ ነው፤ ሣር ላይ የተደረደሩ የተወለወሉ መኪኖች፣ የተከፈቱ ኮፈኖች፣ «አባቴ እንዲህ ያለ ነበረው» የሚሉ ጎልማሶች፣ እንዲሁም ነገሩ ገና ያልገባቸው ልጆች።

በዘርፉ መስፈርት የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) የተመሠረተው በ1966 ነው። ፌዴሬሽኑ አንድን ተሽከርካሪ «ታሪካዊ» ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ታሪካዊ ይዘቱን ጠብቆ የተያዘና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማያገለግል እንዲሆን ይጠይቃል። በ2013 ያወጣው የቱሪን ቻርተርም አሮጌ መኪና እንደ ሕንፃ ወይም እንደ ሥዕል በጥንቃቄ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ መሆኑን ያትታል።

የዚህ ክፍለ አህጉር ነገር ከትርጓሜው የሚጣላው በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው። በካርቱምና በአዲስ አበባ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት የኖረ መኪና የኖረው በየቀኑ ስለሠራ ነው። ሠርቶ ያላበላ መኪና መለዋወጫ አይገዛለትም፤ መለዋወጫ ያልተገዛለት ደግሞ ለሌሎች መለዋወጫ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ሞተራቸው ከአንድ፣ መቀመጫቸው ከሌላ፣ መብራታቸው ከሦስተኛ መኪና የተገኘ ነው። የፔብል ቢች ዳኛ እነዚህን ከበር ሊመልሳቸው ይችላል። ይሁንና በኮንቴይነር ተጭኖ ወደ ትርዒት ከሚሄድ አንጸባራቂ መኪና ይልቅ ስለ አንድ ከተማ ታሪክ የበለጠ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

በከሊፋው ቤት የቆመው መኪና

ሱዳን ያላት እጅግ ጥንታዊ መኪና ያለው ግን ሙዚየም ውስጥ ነው። በኦምዱርማን የሚገኘው የከሊፋ ዐብዱላሂ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የማህዲስቶች መንግሥት መሪ መኖሪያ ሆኖ የተሠራ ሲሆን ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። ይህ መሪ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 መተማ ላይ የወደቁት ከእርሱ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። ከሙዚየሙ ንብረቶች መካከል በሱዳን የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው፣ በስኮትላንዱ አሮል-ጆንስተን ኩባንያ የተሠራው መኪና ይገኝበታል።

አሮል-ጆንስተን ዛሬ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ፋብሪካው የተዘጋው ከዘጠና ዓመታት በፊት ነው። በዘመኑ ግን ማንም ያልደፈረውን የሚሞክር ኩባንያ ነበር። መኪኖቹ የሱዳንን አሸዋ ረግጠዋል፤ አሳሹ ኧርነስት ሻክልተንም ከ1907 እስከ 1909 ባደረገው ጉዞ ወደ አንታርክቲካ የወሰደው፣ በዚያ አህጉር የመጀመሪያ የሆነው መኪና የዚሁ ፋብሪካ ውጤት ነበር።

በዚያው ዘመን አንድ መኪና ወደ አዲስ አበባ እየተጎተተ ነበር። «እየተጎተተ» የሚለው ቃል ማጋነን አይደለም። ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘ መኪናውን፣ ቡሊ ከሚባል ውሻው ጋር፣ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለማሳየት በ1907 ተነሣ። ከባሕር ጠረፍ ወደ መዲናዋ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ መኪናው ጉድጓድ፣ ገደልና ወንዝ በገጠመው ቁጥር በሰው ጉልበት ተገፍቶና ተስቦ ነው ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው። ክሊፎርድ ሃል በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዞውን በዝርዝር ተርኮታል።

መሪው በየትኛው በኩል ነው?

የአሮጌ መኪና አዋቂዎች በዚህ አካባቢ የአንድን መኪና ታሪክ ለመገመት ከታርጋው በፊት መሪውን ያያሉ። ኢትዮጵያ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ መንዳት የተሸጋገረችው በ1964 ሲሆን፣ ሱዳን ይህን ያደረገችው በነሐሴ 1973 ነው።

ለውጡ ለሱዳን ከባድ ነበር። በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመንና ነፃነት ከታወጀበት ከ1956 በኋላም አገሪቱ የገቡት መኪኖች በአብዛኛው የእንግሊዝ ሥሪት ሲሆኑ መሪያቸውም በቀኝ በኩል ነበር። በአንድ ሌሊት መንገዱ ተገለበጠ፤ መኪናው ግን ሊገለበጥ አልቻለም። የሎሪ ሾፌር ከፊቱ ያለውን ተሽከርካሪ ለመቅደም ሲፈልግ ራሱ ከመንገዱ ዳር በኩል ስለተቀመጠ ከፊት የሚመጣውን አያይም። ስለዚህ «አለ» ወይም «የለም» የሚለው በግራ የተቀመጠው ረዳት ነው። የተሳፋሪው ሕይወት በአንድ ወጣት ረዳት ዓይንና ድምፅ ላይ የተንጠለጠለባቸው ዓመታት ነበሩ።

ሎሪ በሱዳን ከመኪና በላይ ነው። ቤድፎርድ የተሠራው በእንግሊዝ ሉተን ከተማ ቢሆንም፣ ወደ ሱዳን የሚመጣው ሞተሩ፣ ሻሲውና የፊት ክፍሉ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አካል ቆርጦ፣ በይዶ፣ በእንጨትና በብረት ገጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ የሚያስጌጠው የአገሬው ባለሙያ ነው። ካርቱምን ከፖርት ሱዳን የሚያገናኘው የአስፋልት መንገድ እስከተጠናቀቀበት እስከ 1980 ድረስ ሎሪዎቹ የሚጓዙት በጎማ ዱካ እየተመሩ ነበር። አሸዋ ሲውጣቸው ረዳቶቹ ወርደው የብረት ንጣፍ ከጎማው ሥር ያስገባሉ። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፎርድ መኪኖች የሊቢያን በረሃ እስከ ሱዳን ያቋረጠው እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድም ከአሸዋ የወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። በደርግ ዘመን በምሥራቅ ሱዳን በኩል ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የሎሪ ድምፅ የስደታቸው ትዝታ አካል ነው።

በከተማው ውስጥ የዘለቀው ቢጫው ታክሲ ነው። ካርቱም ከእንግሊዞቹ ሂልማን ወደ ጃፓኖቹ ቶዮታ ስትሸጋገር የ1970ዎቹ ኮሮላና ኮሮና ቢጫ ተቀብተው ቀጠሉ፤ ከዚያም ለአርባ ዓመታት አልቆሙም። ለዕድሜያቸው መርዘም ኢኮኖሚው ዋነኛ ምክንያት ነው። አሜሪካ በኅዳር 1997 በሱዳን ላይ የጣለችው አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው። ማዕቀቡ የጃፓን መኪና አይከለክልም፤ ነገር ግን በዶላር የሚደረግ የባንክ ዝውውር ሲዘጋ አዲስ መኪናም መለዋወጫም ይወደዳል። በዚያ ላይ የሱዳን ፓውንድ እየወደቀ ሲሄድ ያለውን መጠገን አማራጭ የሌለው መንገድ ሆነ።

የካርቱም ሙቀት የራሱን ብልሃት አስተምሯል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና በ45 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በትራፊክ ሲቆም፣ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እንዳለ ወደ ትነት ይለወጥና ፓምፑ ሊስበው አይችልም። ሞተሩ ይጠፋል። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ በውኃ የራሰ ጨርቅ በነዳጅ ፓምፑ ላይ ይጠመጥማል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያም ይቀጥላል። መድኃኒቱ በየትኛውም የአምራች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ባይጻፍም በሞቃት አገር አሮጌ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ንጉሡን ያሳፈረው ቮልስ

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተርም ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ስለሚሰጥ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። የከተማዋ መካኒኮች ይህን በጆሮ ብቻ ያስተካክሉታል።

በዚህ ከተማ እንደ ቮልስዋገን ቢትል፣ በአገሬው አጠራር ቮልስ፣ የተወደደ አሮጌ መኪና የለም። ተወዳጅነቱ ከቅርጹ ብቻ የመጣ አይደለም። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም፣ ውኃ አይጠይቅም፣ ረዥም ዳገት ላይም ውኃው አይፈላም። የሞተሩ ክብደት በሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭቃ ውስጥ ይቆነጥጣል። የዘይት ማጣሪያ ያለው የአየር ማስገቢያው አቧራን ይይዛል። ሞተሩን ለማውረድ ደግሞ ጥቂት ቡሎኖችንና ሁለት ብርቱ ሰዎችን ብቻ ይጠይቃል። ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ የመጨረሻው ቮልስ በሐምሌ 2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ሲወጣ፣ የአዲስ አበባዎቹ ገና ሥራ ላይ ነበሩ። ዛሬም አሉ።

ከእነዚህ መኪኖች አንዱ የኢትዮጵያን ታሪክ የቀየረች አንዲት ጠዋት ላይ ተገኝቷል። መስከረም 2/1967 ዓ.ም. የደርግ መኮንኖች ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ ካነበቡላቸው በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዘው የወጡት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ነው። ሮልስ ሮይስና ሌሎች ቅንጡ መኪኖች የነበሯቸው ንጉሥ በተራው ሰው መኪና መወሰዳቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት መኪኖች አሁን ለጎብኚ ክፍት በሆነው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለዕይታ ቀርበዋል፤ በአገሪቱ ለፊቫ መስፈርት የሚቀርቡት ምናልባት እነርሱ ናቸው።

የአዲስ አበባ ታክሲ ታሪክም የአሮጌ መኪና ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ ፊያት 600 ወይም ሴይቼንቶ ነበረች። ከዚያ ከኋላ ጣሪያ ተገጥሞለት ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚቀመጡበት የፔጆ ፒክአፕ መጣና፣ አብዮቱ ሁሉን ሰው ለውይይት በሚጠራበት ዘመን «ውይይት» የሚል ስም ወጣለት። ቀጥሎ ላዳ ተተካ። ላዳ የሶቪየት ኅብረት መኪና ቢባልም፣ በ1970 መመረት የጀመረው በጣሊያኑ ፊያት 124 ንድፍ ላይ አካሉ እንዲጠነክርና ከመሬት ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው። ፊያትን ለለመደ የአዲስ አበባ መካኒክ ላዳ ብዙም ባዕድ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ጣሊያን በመኪና በኩል የተወው ሌላም ቅርስ አለ። በጋራዥ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ራሱ ሙዚየም ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጋቢና፣ ኮፈን፣ የተጨራመተ አካል የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያንኛ ሰምቶ የማያውቅ የሃያ ዓመት ወጣት የጃፓን መኪና ሲጠግን በእነዚህ ቃላት ይግባባል። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ግን «ሎሪ» ብሎ ይጀምራል፤ የእንግሊዝ ዘመን ቃል ነው።

የቅርስ ጥበቃ ወይስ የነዳጅ ፖሊሲ?

በኢትዮጵያ አሮጌ መኪና ማስገባትን የገታው የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። መንግሥት ምክንያቱ የአየር ብክለትና የመንገድ ደኅንነት ነው አለ። አዋጁ ሲወጣ በገበያው የታየው ውጤት ደግሞ ቀድሞ የገቡ መኪኖች ዋጋ መናር ነው፤ አሮጌ ቮልስ የያዘም ድንገት ባለሀብት ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያኑ 2024፣ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች። በዓለም ላይ ይህን በመወሰን ቀዳሚ ነች። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሌላ በኩል አገሪቱ ከውኃ ኃይል የምታመነጨው ኤሌክትሪክ አለ።

የፖሊሲው አመክንዮ ጠንካራ ነው፤ ስለ አሮጌ መኪና ግን የሚለው ነገር የለም። በአገሪቱ ያሉት ቀድሞ የገቡ መኪኖች መንዳታቸውን ይቀጥላሉ፤ ከእንግዲህ ተተኪ ስለሌላቸው ምናልባት ከታሰበው በላይ ይቆያሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ የታየው በኩባ ነው። ከ1959ኙ አብዮትና ከአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ በሃቫና የቀሩት የ1950ዎቹ ሼቭሮሌዎችና ቢዩኮች፣ ከኮፈናቸው ሥር የላዳ ወይም የናፍጣ ሞተር ተገጥሞላቸው እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ዛሬ ቱሪስት በዶላር የሚሳፈርባቸው «የትዝታ መኪኖች» ሆነዋል። ከችግር የተወለደው ጥገና ወደ ትዝታ ንግድ የተለወጠው ግን መኪኖቹ ሳይቋረጡ ስለሠሩ ነው።

በአዲስ አበባ የዚህ ለውጥ ምልክት መታየት ጀምሯል። የቮልስ ባለቤቶች ይሰባሰባሉ፤ መኪኖቻቸውን በደማቅ ቀለም ያስቀባሉ፤ ሙሽሮች ለሠርጋቸው ይከራዩአቸዋል። አባት የገዛውን ልጅ የሚጠግነው ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር የሚሆንበት ጊዜ እየመጣ ነው። ፈተናው የእጅ ሙያው ነው። ካርቡራተር የሚያስተካክል፣ የቮልስን ቫልቭ በጆሮ የሚለካ መካኒክ ዕድሜው ገፍቷል፤ ወጣቱ የሚማረው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው፣ ትክክልም ነው። በመርካቶ አቅራቢያ ባለው ሶማሌ ተራ የቮልስ መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝ የሚያውቁት ሻጮችም እንዲሁ እየቀነሱ ይሄዳሉ።

የሻሲ ቁጥር

ካርቱም ውስጥ ጥያቄው ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ዘረፋና ጉዳት እንደደረሰባቸው ከተነገሩ የሱዳን ሙዚየሞች መካከል የከሊፋው ቤት ሙዚየምን ጠቅሷል። በየቤቱ ለቀሩት መኪኖች ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ ተቋም የለም። የተለመዱ የመኪና መድን ውሎች በጦርነት የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ለብዙ የካርቱም ቤተሰብ ደግሞ ከቤቱ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሀብቱ መኪናው ነው። ዋጋዋ በየወሩ የምትወድቅ ገንዘብ በሚገለገልበት አገር መኪና ቁጠባም ነው፤ ሲቸግር ይሸጣል፣ ልጅ ሲታመም ይሸጣል። ቢጫው ታክሲ ለባለቤቱ ከዚህ ሁሉ በላይ የዕለት ገቢው ነበር።

የሱዳን ባለሥልጣናት የተዘረፉ መኪኖች ባለቤቶች እንዲያስመዘግቡ ጠይቀዋል። የተገኘ መኪና ለባለቤቱ የሚመለሰው የሻሲ ቁጥሩ ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ሲመሳከር ነው። ለአዲስ መኪና ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። አርባ ዓመት ለሠራ መኪና ግን ቁጥሩ በተደጋጋሚ ቀለም ሥር የተሸፈነ፣ ብየዳ ያለፈበት ወይም ዝገት የበላው ሊሆን ይችላል፤ ደብተሩም ከአባት ወደ ልጅ ሳይዞር በሟች ስም የቀረ፣ ወይም ከቤቱ ጋር የተዘረፈ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለቤቱ የሚለየው በሌላ ምልክት ነው፤ አንድ የካርቱም ባትላሜራ በተወሰነ ዓመት በበሩ ላይ ባደረገው ብየዳ፣ ከሌላ መኪና በመጣ መቀመጫ፣ ወይም ልጁ በጣሪያው ሽፋን ላይ በጫረው ጭረት። ፖሊስ እነዚህን በመዝገቡ አይጽፋቸውም። ባለቤቱ ግን ጎማና መስታወት በሌላቸው በተቃጠሉት መኪኖች መካከል እየዞረ የሚፈልጋቸው እነርሱን ነው።